ለስንዴ ብለው አልሄዱም

ላስታ ውስጥ እገሌ ማተቡን በጠሰ ከተባለ፣ ምክንያቱን ከራሱ አፍ ሊሰማ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ምክንያቱ ከወሬው ጋር ተያይዞ ይመጣል። አንዱ «ስንት ሰጥተውት ነው?» ይላል። ሌላው «ጾሙ ከብዶት ነው እንጂ ምን ሆኖ» ይላል። ሦስተኛው «ድሮስ ሃይማኖቱን መቼ ያውቅና» ብሎ ይዘጋዋል። አቦሉ ሳይቀዳ ፍርዱ ተሰጥቶ ያልቃል። ነገሩ የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍሁ፤ ግን ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የሚሰብከውም፣ በቴሌቪዥን የሚያስተምረውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስንዴ፣ ሥጋ፣ አለማወቅ።

እኔ በዚሁ እምነት ተጠምቄ ያደግሁ፣ ዛሬም ማተቤን ያላወለቅሁ የላስታ ልጅ ነኝ። ሦስቱም መልሶች ሐሰት ናቸው እላለሁ። በሌሉበት የምናማቸው ሰዎች መበደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቿን በምን እንደምታጣ እንዳታውቅ ማድረጋችን ነው።

ከስንዴው ልጀምር፤ ከሁሉ የሚያመኝ እርሱ ነው። ስንዴ የሰውን ሃይማኖት የሚያስቀይር ቢሆን ኖሮ ከኢትዮጵያ ሁሉ ቀድሞ ባዶ የሚቀረው የላስታ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የ77ቱን ረሃብ የማያስታውስ የላስታ ቤት የለም። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ለዓለም ያሳየው የቆረም ሜዳ ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፤ እዚያ ተዘርግተው ከነበሩት መካከል ከእኛ ቀዬ እየተጎተቱ የደረሱም ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ስንዴ፣ ዘይትና ፋፋ ከማን ነበር? ከመንግሥታት ነበር፤ ከካቶሊክ፣ ከሉተራንና ከሌሎች የፕሮቴስታንት የእርዳታ ድርጅቶችም ጭምር ነበር። ሕፃን ታቅፋ በሞትና በሕይወት መካከል የተቀመጠች እናት ፊት እህሉን የያዘው እጅ የሌላ እምነት ሰው እጅ ነበር። ሃይማኖት በስንዴ የሚገዛበት ቀን ካለ ያ ቀን ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ ከአማራ ክልል ሕዝብ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶው ሙስሊም ነበር። ፕሮቴስታንቱ 0.2 በመቶ ነው። ከሺህ ሰው ሁለት ማለት ነው። እነዚያ እናቶች ስንዴውን ተቀበሉ፣ ልጆቻቸውን አተረፉ፣ የሰጣቸውን መረቁ፤ ጥር ሲብት ደግሞ ታቦት ሊያጅቡ ወጡ። ዛሬ አንድ ወጣት ከመካከላችን ሲወጣ «በስንዴ ተሸጠ» የሚል ሰው የሚሰድበው ያንን ወጣት ብቻ አይደለም። ሳይሸጡ የቀሩትን እናቶች ጽናት ነው ዋጋ የሚያሳጣው።

በአገር አቀፍ ደረጃም ስንዴ ምክንያት አይሆንም። በ1987ቱ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 50.6፣ ፕሮቴስታንቱ 10.2 በመቶ ነበር፤ በ1999 ኦርቶዶክሱ ወደ 43.5 ሲወርድ ፕሮቴስታንቱ ወደ 18.6 ወጣ። ይህ ልዩነት በሙሉ ከእኛ የሄደ ሰው አይደለም፤ በደቡብና በምዕራብ ከአባቶቹ ባህላዊ እምነት የመጣው ብዙ ነው፣ የወሊዱም መጠን ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ቢሆንም ከእኛም የሄዱ አሉ። ፕሮቴስታንቶቹ እንዴት በዙ ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ የስንዴን ወሬ ያፈርሰዋል። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ወላይታ የነበሩትን ሚሲዮናውያን አስወጣ። ሲወጡ የተጠመቁት ተከታዮቻቸው ሃምሳ ያህል እንደነበሩ፣ ሲመለሱ ግን አሥር ሺህ ገደማ ሆነው እንዳገኟቸው የሚሲዮኑ ታሪክ መዝግቧል። የሚሰጥ ፈረንጅ በሌለበት፣ የሚገርፍ ወታደር ባለበት ዘመን ነው የበዙት። በደርግም ጊዜ እንዲሁ ነው። የሙሉ ወንጌል የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጽሕፈት ቤት ተወረሰ፣ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የእኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ ሳሎን መጋረጃ ዘግቶ የሚጸልይ ሰው የሚጠብቀው እስር ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ግን ከገቡበት በዝተው ወጡ።

በቻይናም «የሩዝ ክርስቲያን» የሚል ስድብ ነበር፤ የተጠመቀው ሁሉ ለሩዝ ብሎ ነው ይባል ነበር። የኮሙኒስቱ መንግሥት ሚሲዮናውያኑን ካባረረ በኋላ ሩዙም ሰጪውም ጠፋ፤ አማኙ ግን በሚሊዮኖች በዛ። ስድቡ ከአገር አገር ይህን ያህል የሚመሳሰለው ሰዎቹን ከማወቅ ስላልመጣ ይመስለኛል።

ወደ ላስታ፣ ወደ ከተማዋ ላሊበላ ልመለስ። እዚህ ከተማ እንጀራው በየትኛው ወገን ነው ያለው? 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የውጭ ጎብኚ ለመግቢያ 50 ዶላር ይከፍል ነበር። አስጎብኚው፣ ሆቴል ሠራተኛው፣ ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ጠራቢው፣ ጧፍና ነጠላ ሻጯ፣ በር ላይ ጫማ ጠባቂው ሳይቀር የሚያድሩት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በሚመጣው ገንዘብ ነው። የኮሮና ወረርሽኝና የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚውን ካስቀሩ ወዲህ ገቢው ተመናምኗል፤ የቀረችውም ትንሽ ነገር ያለችው ግን እዚያው ናት። እዚህ ከተማ እምነቱን በይፋ የሚተው ሰው ከሆዱ ጋር ተጣልቶ ነው የሚወጣው። ሰንበቴው ይቀርበታል፣ የጽዋ ማኅበሩ ይቀርበታል፣ የእድሩ ጡሩንባ ለእርሱ ይነፋ ይሆን ወይ የሚለው ያሳስበዋል፣ ሲሞት የት እንደሚቀበር እናቱ ሌሊት ሌሊት ታስባለች። የሚያጣውን ደምሩና አተረፈ የምትሉትን አሳዩኝ። ለጥቅም ቢል ኖሮ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ለጥቅም ብለው ዝም ያሉም አሉና። ገና ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚወጡ፣ ማተባቸው ያልተበጠሰ፣ ውስጣቸው ግን ከሄደ የቆየ ሰዎች በመካከላችን አሉ። እነርሱን ማንም «ተሸጡ» አይላቸውም። እውነቱን የተናገረው ነው የሚሰደበው።

የጾሙ ክስ ብዙ ቦታ አይፈልግም። ለምእመን በዓመት ወደ 180፣ ሁሉን ልጹም ለሚል እስከ 250 ቀን የሚደርስ ጾም አለን፤ ከባድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ጾም የከበደው ሰው በሩን ዘግቶ ይበላል እንጂ ለአንድ ሳህን ጥብስ ብሎ ከእናቱ አይለያይም። ደግሞስ የሚሄዱበትን አስቡ። ወደ እስልምና የሄደው ረመዳንን ሙሉ ከንጋት እስከ ማታ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል፣ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ወደ ጴንጤዎቹ የሄደው በሰርጉም በዝክሩም የለመደውን ጠላና አረቄ ይተዋል፤ ሥጋውን ሊያስደስት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ቤት አይመርጥም። ጠላ ቤት እያመሸን «ለሥጋው አድሮ ነው» የምንል ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል።

«አላወቁም» የሚለው ግን ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ የሚናገሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልብ ነውና። ቢማሩ ኖሮ አይወጡም ይላሉ። እኔ የማውቃቸው ግን ተምረው ነው የወጡት። አንዱን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፣ የአገልግሎት ደብሩንም አልጠቅስም።

ዲያቆን ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዜማ ቤት ያደገ፣ ቁመቱ ከመቋሚያው ሳይበልጥ ማኅሌት የቆመ ልጅ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገላበጥ ከረመች። በዚያ ጦርነት ታላቅ ወንድሙ ሞተ። ሬሳውን አላገኙም። ልጁ ሐዘኑ ሲጸናበት ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ጠየቀ፤ የጠየቀውን እርሱ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ። «አባቴ፣ እነርሱም አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ነው የሚተኩሱት፣ እኛም አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ነው። ያው አንድ ጸሎት፣ ያው አንድ ቅዳሴ ነው። እግዚአብሔር የማንን ሰማ? ወንድሜስ ስለ ምን ሞተ?» የተሰጠው መልስ «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም፤ ስገድ» የሚል ነበር። ሰገደ። ዐቢይ ጾምን በሙሉ ሰገደ። ግንባሩ ላይ ምልክቱ ሲወጣ እናቱ አይታ አለቀሰች። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሄዶ ያንኑ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ የተሰጠው መልስ ቁጣ ነበር። «ከማን ተማርኸው? ማን ነው የሚያስተምርህ?» ተባለ። ጥያቄው ከራሱ ሐዘን ሊወጣ እንደሚችል የታሰበ አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የትኛውም ቤተ እምነት አልገባም። ስንዴ የሰጠው የለም፣ በኮንስትራክሽን ቀን ሥራ ነው የሚያድረው። ሠፈራችን ግን «ሚሲዮን ገዛው» ብሎ ጨርሷል። እናቱ እኔን ባገኘች ቁጥር የምትጠይቀኝ «ልጄን ምን አበሉት?» ብላ ነው። የልጇን ጥያቄ እኔ ስነግራት ደነገጠች፤ እርሷም በዚያው ጥያቄ ስትቃጠል ኖራ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር።

«አትመራመር» የሚለው መልስ የቤተ ክርስቲያናችን መልስ እንዳልሆነ የማውቀው ከቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ቤቶች ነው። ከላስታ ብዙም የማትርቀው ዋድላ ከአገሪቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት። ቅኔ ቤት ተማሪ የየኔታን ቅኔ ሰምቶ ይጠይቃል፣ ይሞግታል፣ ሙግቱ ካማረ ይመሰገናል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያችንም አንድን ንባብ በአንድ ፍች አይዘጋም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህን የሠሩ ሊቃውንት ጥያቄ የሚፈሩ ሰዎች አልነበሩም። መሞገት ለቅኔ ቤቱ ተፈቅዶ፣ ወንድሙን ለቀበረው፣ እንዲያውም ለመቅበር ሬሳ እንኳ ላጣው ልጅ የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው?

በታሪካችንም የተባረሩት ያልተማሩት ብቻ አልነበሩም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ለንጉሥ አንሰግድም ብለው የተገረፉት፣ የተቆረጡት፣ የተወገሩት ደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ነበሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ባያስነብቡን ኖሮ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በከሳሾቻቸው ቃል ብቻ ነበር። የወጣን ሰው ታሪክ ያልወጣው ብቻ ሲጽፈው እንዲህ ይሆናል።

በቅርቡም ያየነው አለ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ አህጉረ ስብከት አባቶች ከቅዱስ ሲኖዶስ ተለይተናል ሲሉ የሰጡት ምክንያት ጦርነቱና የቤተ ክርስቲያን ዝምታ ነበር። ጥር 2015 በወሊሶ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ ጳጳሳት ሲሾሙ የተነሣው ዋና ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ የመገልገል ጥያቄ ነበር፤ ሹመቱ ቀኖና የጣሰ ነው የሚለውን እኔም እቀበላለሁ፣ በዚያ ሰበብ በሻሸመኔ የፈሰሰውም ደም ያሳዝነኛል። እነዚህ ከአስተዳደር እንጂ ከሃይማኖት አልወጡም። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ጳጳስ ሲለይ ምክንያቱን እናውቃለን፣ እንከራከርበታለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። ተራው ምእመን ሲለይ ምክንያት የለውም፣ ስንዴ ብቻ ነው ያለው።

የወሎ ሰው ደግሞ እምነት በጥቅምም በጉልበትም እንደማይለወጥ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት፤ እምነት ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በሁለቱም በኩል አይቷልና። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ፣ በክርስትናቸው ጸንተው አለፉ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ፤ የተሰደደውም ተሰደደ። ሹመትና ጉልት የያዘ እጅ ማተብ ሊያስር ይችል ነበር፤ ልብን አላሰረም።

ከዚያ 250 ዓመት ገደማ ቀድሞ ደግሞ ላስታ ራሷ በሌላው ወገን ቆማ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ጫኑ፤ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ እንደገና ካልተካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ካልተባረኩ አለ። ላስታ እምቢ አለች። መልክአ ክርስቶስን መሪ አድርገው የተነሡት ገበሬዎች ለዓመታት ተዋጉ፤ በመጨረሻም በአንድ ውጊያ በሺዎች ረገፉ። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስ የወደቁት አረመኔም እስላምም እንዳልሆኑ፣ የገዛ ክርስቲያን ሕዝባቸው እንደሆኑ ለአባቱ እንዳሳየ ይነገራል። ንጉሡ ሰኔ 1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ተዉ።

እኛ በእነዚያ ገበሬዎች እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ግን የሞቱለት ነገር ምን እንደነበር እንበል። ማንም ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የሌላውን ሰው እምነት ሊወስንለት አይችልም ብለው ነው የሞቱት። ይህ ለሚቀረው ብቻ የሚሠራ፣ ለሚሄደው የማይሠራ መብት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የመረጡትን እምነት የመያዝ መብትን ሲደነግግ የላስታ ገበሬ ቀድሞ በደሙ የጻፈውን ነው የጻፈው።

ስለ ሱስንዮስም አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ወሬ «ለፖርቱጋል ጠመንጃ ብሎ ካደ» ይላል፤ ሲጀምሩ የጦር እርዳታ አልፈለጉም አልልም። ነገር ግን ሥልጣኑም ጠመንጃውም ከእጃቸው ከወጣ በኋላ፣ ምንም የሚያተርፉት ነገር በሌለበት፣ በካቶሊክ እምነታቸው እንደሞቱ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። በሕዝባቸው ላይ ታላቅ በደል የፈጸሙ ንጉሥ ናቸው፤ እምነታቸው ግን የሸቀጥ እምነት አልነበረም። የምንወቅሰውን ሰው እንኳ በእውነቱ መውቀስ ይቻላል።

በጥቅም የሚሄድ የለም ወይ? አለ። በፍቅር የሚሄድም አለ፤ በወሎ በጋብቻ ከመስጊድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ መስጊድ የተሻገረ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ አያቶቻችንም ከሃዲ እያሉ ሲሰድቧቸው አልሰማንም፤ አብረው ለቅሶ ይደርሱ ነበር። በካህን ተበድሎ የሚሄድ አለ። የሚቀደሰው ግእዝ ሳይገባው ኖሮ በአማርኛ የሚጸልይ ጓደኛ አግኝቶ የሚሄድ አለ። ብዙ ዘመን አስቦ፣ አልቅሶ፣ አላምንም ብሎ የሚሄድ አለ። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል፤ በካህን ለተበደለው ፍርድ፣ ግእዙ ላልገባው ትምህርት፣ ላዘነው አብሮት የሚያዝን አባት ያስፈልጋል። አላምንም ላለው ደግሞ ከእናቱ ቤት የማያስወጣው ዘመድ፣ ሲሞት አፈር የማይከለክለው እድር ያስፈልገዋል። «ስንዴ» ብለን ስንዘጋው ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አያስፈልገንም፤ ወሬው ይህን ያህል ዘመን የኖረው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ስል የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «እንዲህ ብለን በአደባባይ ከተናገርን የቀሩትም ይናወጣሉ፤ ወጣቱ ምክንያት አገኘሁ ብሎ ይሄዳል» ይሉኛል። የቀሩት ጥያቄ የላቸውም ብሎ የሚያስብ ሰው ከወጣቶቻችን ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ጥያቄው አለ። ለንስሐ አባታቸው እንዳይናገሩት «ማን አስተማረህ?» መባልን ይፈራሉ፣ ስለዚህ ለስልካቸው ይነግሩታል፤ ስልኩ ደግሞ አይቆጣም። እያንዳንዱ ኦርቶዶክስ የንስሐ አባት እንዲኖረው የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከማንም በፊት ነበራት። ሰው ጓዳውን የሚከፍትለት፣ ቤቱ ገብቶ ጠበል የሚረጭ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቅ አባት አለን። እርሱ ካልሰማው ማን ይስማው?

ዘንድሮም ታኅሣሥ 29 ከየአገሩ በእግሩ የመጣ ሕዝብ ላሊበላን ይሞላታል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ዐለቱ ላይ ቆመው ቤዛ ኵሉ ይላሉ፤ ሰባክያንም ከዐውደ ምሕረቱ ስለወጡት ልጆቻችን መናገራቸው አይቀርም። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ከመናገራቸው በፊት ከወጡት አንዱን ያግኙ፣ ለምን እንደወጣ ይጠይቁትና እስኪጨርስ ይስሙት። የአዲስ አበባውን ልጅ ስልክ የሚፈልግ ካለ፣ እርሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።